እውነት ወይስ ተረት? በወንዶች ስም ሥር የተሰወረችው የአሜሪካ ገጠር ሴት

አብርሃም ሊንከን በሕይወት ሳለ ጠላቶቹ አንድ ሐሜት ይዘውበት ነበር፤ አባትና እናቱ በሕግ አልተጋቡም የሚል። እሱም አፋቸውን የሚያዘጋ ወረቀት አልነበረውም። ቤተሰቡ በኬንታኪ ግዛት፣ በሃርዲን ካውንቲ ስለኖረ የጋብቻው ማስረጃ የተፈለገው እዚያ ነው፤ አልተገኘም። ሊንከን ከተገደለ ከዓመታት በኋላ ግን ሰነዱ ከሌላ ካውንቲ፣ ከዋሽንግተን ካውንቲ መዝገብ ቤት ወጣ። ቶማስ ሊንከንና ናንሲ ሃንክስ የተጋቡት ጁን 12 ቀን 1806 ነበር። ወረቀቱ ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም፤ የተሳሳተ በር ሲያንኳኩ የኖሩት ፈላጊዎቹ ናቸው።

የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ገጠር ሴት የዘር ሐረግ መፈለግ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ለእኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ እንግዳ ነገር አለበት። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ብትዳርም፣ ብትወልድም፣ ብታረጅም የአባቷን ስም ይዛ ትቀራለች። ሰባት ቤት ሲቆጠርም በእናት በኩል ያለው ወገን ከነስሙ ይጠራል። በዚያ ዘመን አሜሪካ ግን ሙሽራዋ የአባቷን ስም ከደጃፉ ላይ ጥላው ትገባለች። አንዳንዴም የራሷ መጠሪያ ሳይቀር ይጠፋና ጋዜጣው «ሚስስ ጆን ስሚዝ» ብሎ ያልፋታል። ዛሬ አሜሪካዊ አማች ወይም ምራት ያለው ሐበሻ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ የልጅ ልጆቹ ሐረግ ግማሹ በእነዚያ መዝገቦች ውስጥ ተኝቷል። ስለዚህ በፍለጋው መንገድ ላይ የተተከሉትን ተረቶች አንድ በአንድ እንንቀል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት 1፦ የገጠር ሴት በሰነድ ላይ የለችም

እውነቱ፦ አለች፤ የተመዘገበችው ግን በወንዶች ስም በተከፈተ ፋይል ውስጥ ነው።

የመሬት ሽያጭ ውልን እንውሰድ። ሚስት ባሏ ቢሞት ከመሬቱ የምታገኘው ድርሻ በሕግ የተጠበቀላት ስለነበር፣ ባል መሬቱን ሲሸጥ እሷም ድርሻዋን መተዋን መፈረም ነበረባት። በብዙ ግዛቶች ሹሙ ሴትዮዋን ከባሏ ለይቶ፣ የፈረመችው በፈቃዷ ይሁን ተገዳ ለብቻዋ ይጠይቃት ነበር። ጥያቄውም መልሱም ውሉ ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ በጋዜጣ «ሚስስ» ብቻ የሆነችው ሴት በዚህ ወረቀት ላይ የገዛ መጠሪያዋን ይዛ ትገኛለች።

የአባት ኑዛዜ ከዚህም የበለጠ ይናገራል። አባት ለተዳረች ልጁ ላም ወይም አልጋ ሲያወርስ የእሷን መጠሪያ ከባሏ ስም ጋር አያይዞ ይጽፋል። የልጅነት ስሟንና የትዳር ስሟን በአንድ መስመር የሚያገናኝ ከዚህ የተሻለ ማሰሪያ የለም።

ሦስተኛው ጡረታ ነው። ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ባሏ የሞተባት የሰሜኑ ጦር ወታደር ሚስት ጡረታ ለማግኘት መጋባቷን፣ ልጆቿንም ከእሱ መውለዷን ማስረዳት ነበረባት። የጋብቻ ወረቀት የሌላት ምስክር ትጠራለች፤ አዋላጇ፣ ጎረቤቷ፣ ሰርጉ ላይ የነበረ ዘመድ ቀርቦ ቃሉን ይሰጣል። ልደትና ጋብቻ የተጻፈበትን ገጽ ከቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ገንጥለው ወደ ዋሽንግተን የላኩም ነበሩ፤ ገጾቹ እስከ ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከነፋይላቸው ተቀምጠዋል።

አራተኛው ሆምስቴድ ነው። ሊንከን በሜይ 20 ቀን 1862 የፈረመው ይህ ሕግ መሬቱ ላይ ቤት ሠርቶ፣ አርሶ፣ አምስት ዓመት ለኖረ ሰው 160 ኤከር ይሰጥ ነበር። ያላገባች የ21 ዓመት ሴት፣ ባሏ የሞተባት፣ የፈታች፣ ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት ሁሉ በራሷ ስም ማመልከት ትችላለች። ባለትዳሯ ግን በአብዛኛው አትችልም። የይዞታ ማረጋገጫው ፋይል ቤቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ስንት ኤከር እንደታረሰ፣ ምን እንደተዘራ፣ ጎረቤቶች ምን ብለው እንደመሰከሩ ይዘረዝራል።

እንግዲህ ሴትዮዋን የሚፈልግ ሰው የአባቷን፣ የወንድሟን፣ የባሏን፣ የልጇን ፋይል ይክፈት። ከእነዚያ በአንዱ ውስጥ ናት።

ተረት 2፦ የሕዝብ ቆጠራ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው

እውነቱ፦ ቆጠራው ጥሩ መሪ ነው፤ ምስክርነቱ ግን ይፈተናል።

አሜሪካ ከ1790 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሕዝቧን ቆጥራለች። እስከ 1840 ድረስ በስም የሚጻፈው የቤቱ አባወራ ብቻ ነበር፤ ሚስትና ልጆች በዕድሜና በጾታ ተከፍለው ቁጥር ይሆናሉ። በስሟ የምትጻፈው ባሏ ሞቶ ቤቱን የምትመራ ሴት ናት። ነጻ የሆነ ሰው ሁሉ በስሙ የተመዘገበው ከ1850 ጀምሮ ነው። በዚያ ቆጠራም አንዲት የ20 ዓመት ሴት ከአንድ ወንድ ጋር ብትገኝ ሚስቱ ትሁን እህቱ ወይም ሠራተኛው መዝገቡ አይነግረንም፤ ዝምድናን የሚጠይቅ ዓምድ የገባው በ1880 ነው።

ደግሞስ ለቆጣሪው መልስ የሰጠው ማን ነው? ሴትዮዋ እርሻ ላይ ሳለች አንድ ልጅ ወይም ጎረቤት መልሶ ሊሆን ይችላል። መልስ ሰጪው በምልክት መታወቅ የጀመረው በ1940 ስለሆነ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ማወቂያ የለም። አንዲት ሴት በአሥር ዓመት ውስጥ ስድስት ዓመት ብቻ «አድጋ» ብትገኝ አይግረማችሁ፤ ሦስት አራት ቆጠራ ጎን ለጎን አስቀምጡና አመዛዝኑ።

የ1900ው ቆጠራ ለሴቶች ፍለጋ የተለየ ዋጋ አለው። የተወለደችበትን ወርና ዓመት፣ ስንት ዓመት በትዳር እንደኖረች፣ ስንት ልጅ እንደወለደችና ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይጠይቃል። «ስምንት ወለደች፣ አምስት አሉ» የሚል መልስ ካገኛችሁ፣ ማንም ያልነገራችሁን ሦስት ትናንሽ መቃብሮች ማግኘታችሁ ነው።

ተረት 3፦ መዝገቡ ተቃጥሏል፣ እንግዲህ አለቀ

እውነቱ፦ እሳቱ እውነት ነው፤ «አለቀ» የሚለው ግን ተረት ነው።

ትልቁ ጥፋት የ1890 ቆጠራ ነው። በጃንዋሪ 10 ቀን 1921 በዋሽንግተን የንግድ ሚኒስቴር ሕንጻ ውስጥ እሳት ተነሣ። ከነበልባሉ የተረፈውን ማጥፊያው ውሃ አበላሸው፤ ቀሪውም በ1930ዎቹ በመንግሥት ፈቃድ እንዲወገድ ተደረገ። 63 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ከተቆጠረበት መዝገብ የቀረው የስድስት ሺህ ሰው ገደማ ስም ነው። ሴቶችን ደግሞ ይህ ጉድለት በተለይ ይጎዳል። በ1880 ከአባቷ ቤት የአምስት ዓመት ልጅ ሆና የተጻፈች ልጅ በ1900 የሃያ አምስት ዓመት ባለትዳር ናት፤ ስሟ የተለወጠው ልክ በጠፋው መዝገብ ዘመን ነው።

ታዲያ ድልድዩ ሌላ ቦታ አለ። የጋብቻ መዝገብ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ የግብር ዝርዝር፣ የአካባቢ ጋዜጣ፣ የአጎራባች ካውንቲ ማኅደር ይፈተሻል። ለ1850፣ ለ1860፣ ለ1870 እና ለ1880 ቆጠራዎች ከቆጠራው በፊት በነበሩት 12 ወራት የሞቱትን የሚዘረዝር የተለየ መዝገብም ነበር። የልደትና የሞት ምስክር ወረቀት ግን ከሁሉም ቦታ አትጠብቁ፤ ማሳቹሴትስ በግዛት ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በ1841 ሲሆን፣ ሁሉም ግዛቶች በአገር አቀፉ የምዝገባ ሥርዓት የተጠቃለሉት በ1933 ነው።

ተረት 4፦ ስሟን የቀየሩባት ኤሊስ ደሴት ላይ ነው

እውነቱ፦ የኤሊስ ደሴት ሹሞች ስም አይፈጥሩም ነበር። በእጃቸው የነበረው መርከቡ ከተነሣበት ወደብ ተሞልቶ የመጣው የተሳፋሪዎች ዝርዝር ነው፤ ሥራቸውም ሰውየውን ከዝርዝሩ ጋር ማመሳከር ነበር። ስሙን በኋላ የቀየረው አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ነው፤ ለጎረቤት እንዲቀል፣ ለቀጣሪ እንዲጥም።

ደግሞ ዘመኑን ቁጠሩ። ኤሊስ ደሴት የተከፈተው በጃንዋሪ 1 ቀን 1892 ነው። ምንጅላታችሁ በ1860ዎቹ በኒው ዮርክ በኩል ገብታ ከሆነ የተቀበላት ከ1855 እስከ 1890 ያገለገለው ካስል ጋርደን ነው። ኤሊስ ደሴትን ስትፈልጉ መዋል ናንሲን በሃርዲን ካውንቲ እንደመፈለግ ነው።

ተረት 5፦ ስሙ አንድ ከሆነ ሴትዮዋም አንድ ናት

እውነቱ፦ ይህ ስህተት መላውን አገር አታልሏል። ኤሊስ ደሴት በተከፈተ ቀን መጀመሪያ የገባችው አኒ ሙር የምትባል የአየርላንድ ልጅ ናት። ወደ ምዕራብ ሄዳ፣ ቴክሳስ ውስጥ አግብታ ወልዳ፣ በ1923 የጎዳና ባቡር ገጭቷት ሞተች ተብሎ ለዓመታት ተተረከ። በ2006 የዘር ሐረግ ተመራማሪዋ ሜጋን ስሞሌንያክ ጉዳዩን ስታጣራ፣ የቴክሳሷ አኒ ሙር ጭራሽ ከባሕር ማዶ ያልመጣች፣ ኢሊኖይ የተወለደች ሴት ሆና ተገኘች። እውነተኛዋ አኒ ከኒው ዮርክ ሳትርቅ ኖራ በ1924 ሞታለች።

የገጠር ካውንቲዎች ደግሞ በሜሪ፣ በሳራና በኤልሳቤጥ የተሞሉ ናቸው። ስለዚህ ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የትውልድ ቦታ፣ ዕድሜ፣ የባል ስም፣ ጎረቤት፣ ቤተ ክርስቲያን አብረው መግጠም አለባቸው። በተለይ ጎረቤትን ችላ አትበሉ፤ ወደ ምዕራብ የተሰደደ ገበሬ ብዙ ጊዜ ከወንድሙ፣ ከአማቱና ከመንደሩ ሰው ጋር ነው የተሰደደው። ከሴትዮዋ ቤት ሁለት ቤት አልፎ የተመዘገበው ሽማግሌ አባቷ ሊሆን ይችላል።

ተረት 6፦ በዚያ ዘመን ሁሉም በ13 ዓመታቸው ይዳሩ ነበር

እውነቱ፦ በልጅነት የተዳሩ ነበሩ፤ ወጉ ግን ያ አልነበረም። በ1890 አሜሪካዊት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የምታገባበት መካከለኛ ዕድሜ 22 ዓመት፣ የወንዱ 26 ዓመት ገደማ ነበር። በሐረጋችሁ ላይ የ13 ዓመት እናት ስታገኙ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት መዝገቡን ይሁን። ምናልባት የሁለተኛዋን ሚስት የመጀመሪያይቱ ልጆች እናት አድርጋችኋት ይሆናል።

ተረት 7፦ ቅድመ አያቴ የቼሮኪ ልዕልት ነበረች

እውነቱ፦ ቼሮኪዎች የንጉሥ ቤት አልነበራቸውም፤ ልዕልትም አልነበረችም። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ይህን የማይል ቤተሰብ ማግኘት ይቸግራል፤ ማስረጃ የሚያመጣው ግን ጥቂቱ ነው።

የሚፈተሽበት መዝገብ አለ። ከ1898 እስከ 1914 በተዘጋጀው የዶውዝ መዝገብ የአምስቱ ነገዶች፣ ማለትም የቼሮኪ፣ የቾክቶ፣ የቺካሶ፣ የክሪክና የሴሚኖል አባላት ተመዝግበዋል። ከ250 ሺህ በላይ ሰው አመለከተ፤ የተቀበሉት ከ100 ሺህ ትንሽ የሚበልጠውን ነው። ውድቅ የሆነ ማመልከቻም ቢሆን አይጣልም፤ አመልካቹ የዘመዶቹን ስም ቆጥሮበታልና። የሚገርመው ቼሮኪዎች ጎሳን የሚቆጥሩት በእናት በኩል ነው። ልዕልት እያለ ተረት የሚያወራው ሰው ይህን እውነተኛ የሴቶች ሐረግ አልፎት ይሄዳል።

ተረት 8፦ የጥቁር ሴት ሐረግ ከ1870 በፊት አይገኝም

እውነቱ፦ 1870 ረጅም ግንብ ነው፤ መሰላል ግን አለው።

በ1850 እና በ1860 በባርነት የነበሩ ሰዎች የተቆጠሩት በተለየ መዝገብ፣ በባለቤቱ ስም ሥር፣ በዕድሜ፣ በጾታና በቀለም ብቻ ነው፤ ስማቸው ከጥቂት በስተቀር አልተጻፈም። ነጻ ከወጡ በኋላ በስማቸው የተቆጠሩበት የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የ1870ው ነው። ከዚያ በፊት ላለው በ1865 የተቋቋመው የፍሪድመንስ ቢሮ ማኅደር ይከፈታል፤ የሥራ ውል፣ አቤቱታ፣ በባርነት ዘመን የተመሠረተ ትዳር የተመዘገበበት ወረቀት አለው። ከ1865 እስከ 1874 የሠራው የፍሪድማን ቁጠባ ባንክም ደንበኛውን ሲመዘግብ የእናቱን፣ የአባቱን፣ የወንድም እህቶቹን ስም ይጠይቅ ነበር፤ የተሸጡትና የተለያዩት ሳይቀሩ።

ከዚያ ወደ ኋላ ያለው መንገድ መራራ ነው። የምትፈለገው ሴት በባለቤቷ ኑዛዜና የንብረት ዝርዝር ውስጥ፣ ከበቅሎና ከማረሻ ጋር፣ በመጠሪያ ስሟ ብቻ፣ ዋጋ ተተምኖላት ትገኛለች። ያን ገጽ ማንበብ ያማል። ለብዙ ቤተሰብ ግን የእናቲቱ ስም የተጻፈበት ብቸኛው ገጽ ያ ነው።

ተረት 9፦ አያቴ የነገረችኝ ስለሆነ እውነት ነው

እውነቱ፦ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። በጽሑፍ ያለውም ቢሆን ይሳሳታል።

ሎራ ኢንግልስ ዋይልደር በ1867 በዊስኮንሲን ገጠር ተወልዳ፣ ያደገችበትን የገበሬ ኑሮ በእርጅናዋ በተወደዱ መጻሕፍት ጽፋለች። በ1935 በወጣው መጽሐፍ የካንሳሱ ጎጇቸው ከኢንዲፔንደንስ ከተማ 40 ማይል ይርቃል ትላለች፤ ቦታውን ፈልጋም በዚህ ርቀት ምክንያት ስታ ኦክላሆማ ገብታ ነበር። የ1870 ቆጠራ ግን ቤተሰቡን በካንሳስ፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ አስፍሮታል፤ ቦታው ከከተማዋ 13 ማይል ገደማ ነው። ያኔ ሎራ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ታናሽ እህቷ ኬሪ በመጽሐፉ ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ካንሳስ የምትጓዝ ሕፃን ናት፤ በእውኑ የተወለደችው ግን እዚያው ካንሳስ፣ በኦገስት 1870 ነው። በ1876 በዘጠኝ ወሩ የሞተው ወንድሟ ደግሞ ከተከታታይ መጻሕፍቱ ጨርሶ ቀርቷል።

ይህ ሁሉ ሎራን ውሸታም አያደርጋትም። የሦስት ዓመት ልጅ ማይል አትቆጥርም፤ ሐዘንም ዝም ያሰኛል። የአያት ወሬ የሚጠቅመው ወዴት እንደምንፈልግ ሲጠቁመን ነው፤ ሲገኝ ደግሞ ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል።

ተረት 10፦ ዲኤንኤ ሁሉን ይናገራል

እውነቱ፦ ዲኤንኤ ዝምድና መኖሩን እንጂ ስም አይናገርም። የምንጅላት ድርሻ ሲወርድ ሲዋረድ እያነሰ ይሄዳል፤ ከአንዲት የቅድመ አያት አያት የሚደርሰን በአማካይ ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነው። የመቶኛ ሰንጠረዡም የአካባቢ ግምት እንጂ የቤተሰብ ታሪክ አይደለም። ከወረቀት ጋር ሲገናኝ ግን ጉልበት ያገኛል፤ ለዚህ ምስክሯ መጀመሪያ ላይ ያነሣናት ናንሲ ሃንክስ ናት።

ናንሲ በ1784 ገደማ በቨርጂኒያ ተወልዳ፣ በ1818 በኢንዲያና ጫካ መንደር በ34 ዓመቷ ሞተች። የገደላት መርዛማ ቅጠል የበላች ላም ወተት የሚያመጣው በሽታ ነው፤ አብርሃም ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። የጋብቻዋ ጥያቄ በወረቀት ሲዘጋ ሌላው ቀረ፤ ወላጆቿ እነማን ናቸው? ሊንከን ለሕግ ሸሪኩ ለዊልያም ሄርንደን እናቱ ሉሲ ሃንክስ ከጋብቻ ውጭ የወለደቻት መሆኗን እንደነገረው ሄርንደን ጽፏል። ብዙዎች ይህን መቀበል ከበዳቸው። በ1899 የታተመ አንድ መጽሐፍ ናንሲን ከሌሎች፣ በሕግ ከተጋቡ ባልና ሚስት አስወለዳት፤ ያም ሐረግ ለዓመታት ተገለበጠ።

ከናንሲ በሴት መስመር የሚወርድ ዘር የለም፤ ሴት ልጇ ሳራ በ1828 በወሊድ ሞታለች። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን ዲኤንኤ ከሃንክስ ሴቶች የሴት ዘሮች ወስደው አነጻጸሩ። በ2015 ይፋ የሆነው ውጤት ናንሲን ከሉሲ ሃንክስ ወገን አደረጋት፤ የሊንከንን ቃልም ደገፈ።

እንግዲህ ከየት ይጀመር?

ከራሳችሁ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ ከታዋቂ ሰው ጀምሮ ወደ ራስ መምጣት የተረት መንገድ ነው። ቤት ያሉትን ሽማግሌዎች ጠይቁ። ቀጥሎ ፋሚሊሰርች የተባለውን በነጻ የሚሠራ የመዝገብ ክምችት ክፈቱ፤ የድሮ ጋዜጦችን የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ያስነብባል። ከመፈለጋችሁ በፊት መሬቱ በዚያ ዓመት በየትኛው ካውንቲ ሥር እንደነበረ አረጋግጡ፤ ወሰን ይቀያየራልና። ያገኛችሁትንም ከየት እንዳገኛችሁት ጻፉ።

ከሁሉ በላይ ሌላ ሰው የሠራውን ሐረግ እንዳለ አትገልብጡ። የናንሲ ሃንክስ ታሪክ ለዓመታት የተበላሸው ባዶ ቦታ ማየት ያሳፈራቸው ሰዎች በግምት ስለሞሉት ነው። ዛሬ በጥንቃቄ የተሠራ የሊንከን ሐረግ በእናቷ ቦታ ሉሲ ሃንክስ ብሎ ይጽፋል፤ የአባቷን ቦታ ግን ባዶውን ይተወዋል። የሚታመነው ሐረግም እሱ ነው።